የፈንገስን መንገድ የሚዘጉ ባክቴሪያዎች፦ ከጨንቻ ጓሮ አንጻር

በአፈር፣ በሥርና በቅጠል ላይ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች መካከል አንዳንዶቹ የፈንገስ ባላንጣዎች ናቸው። ምግቡን ይሻሙታል፣ ማረፊያውን ቀድመው ይይዙበታል፣ የሕዋሱን ሽፋን የሚበሳ ንጥረ ነገር ያመነጩበታል። ተመራማሪዎች እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይተው፣ አባዝተውና በዱቄት ወይም በፈሳሽ መልክ አዘጋጅተው ለዘር፣ ለችግኝና ለቅጠል መከላከያ ማዋል ከጀመሩ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። ጠቃሚ ባክቴሪያዎች በሽታን ያስቀራሉ እንጂ የገባ በሽታን አይፈውሱም። ይህን አንድ ነገር ያልያዘ አትክልተኛ በእነሱ ማዘኑ አይቀርም።

ጨንቻ ጉዳዩ በቀጥታ ከሚመለከታቸው ቦታዎች አንዷ ናት። ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ታች አርባ ምንጭ ላይ ሙዝና ማንጎ ሲበስል ላይ ጨንቻ ጋቢ ያስደርባል። ዝናቡ በበልግም በክረምትም ይመጣል፣ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ በመሀሉም ጉም ይወርዳል። ቤቱን እንሰት ከብቦት፣ በእንሰቱ አጠገብ ጎመን፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርትና ባቄላ ይተከላል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሚሲዮናውያን ያስገቡት አፕልም ዛሬ የአካባቢው መታወቂያና ፍሬውም ችግኙም የሚሸጥ የገቢ ምንጭ ሆኗል። ይህ ሁሉ ተክል ጠዋት በጤዛ፣ ከሰዓት በዝናብ፣ ማታ በጉም ይረጥባል። የአብዛኛው ፈንገስ ስፖር፣ ማለትም በነፋስና በውሃ ጠብታ የሚጓዘው ዱቄት መሰል ዘሩ፣ ለመብቀል የሚፈልገው ለሰዓታት ረጥቦ የሚቆይ ቅጠል ነው።

በአፕል ላይ ሁለት ፈንገሶች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው የአፕል እከክ የሚያመጣው ቬንቱሪያ ነው፤ ቅጠሉ ላይ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ፍሬውን ያሻክረዋል፣ ይሰነጥቀዋልም። በወደቀ ቅጠል ውስጥ ተኝቶ ይቆይና የሚቀጥለው ዝናብ ሲመጣ አዲሱን ለምለም ቅጠል ያጠቃል። ሁለተኛው ቅጠሉንና ቀምበጡን በነጭ ብናኝ የሚያለብሰው አመዳይ ነው። አመዳይ እንደ እከክ ውሃ የጠጣ ቅጠል አይሻም፤ እርጥበት ያለው አየር ይበቃዋል፣ ወቅቱ እስኪመጣም እንቡጥ ውስጥ ተደብቆ ይጠብቃል። በባቄላ ላይ ቸኮሌት መሰል ነጠብጣብ የሚያወጣው ቦትራይተስ ፋቤ በተከታታይ ዝናብ ወቅት ነጠብጣቡን በጥቂት ቀናት ውስጥ አስፍቶ ማሳውን ያጠቁራል። በመደብ ላይ ደግሞ ፒቲየምና ራይዞክቶኒያ የጎመንና የሽንኩርት ችግኝ አንገቱ ላይ በስብሶ እንዲወድቅ ያደርጋሉ።

ከሁሉም የከፋው ምናልባት የነጭ ሽንኩርት ነጭ አበስብስ ነው። ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ ይገረጣል፤ ሲነቀል ግርጌው ላይ ጥጥ መሰል ነጭ ሻጋታና ከጤፍ ፍሬ ያነሱ ጥቁር እንክብሎች ይታያሉ። እነዚህ እንክብሎች አፈር ውስጥ 20 ዓመት ሊቆዩ ይችላሉ። የሽንኩርት ወይም የነጭ ሽንኩርት ሥር የሚያወጣውን ድኝ አዘል ሽታ ሲያገኙ ብቻ ይነቃሉ፤ ቀዝቀዝ ያለ አፈርም ይስማማቸዋል። የጨንቻ አፈር ቀዝቃዛ በመሆኑ ለነጭ አበስብስ ምቹ ነው።

ድንች ላይ ሲደርስ ነገሩ ይለያል። ገበሬው ምች መታው የሚለው፣ ባለሙያው ሌት ብላይት የሚለው በሽታ መንስኤ ፋይቶፍቶራ ኢንፌስታንስ ነው። ለዘመናት ከፈንገስ ተቆጥሮ የኖረ ቢሆንም በትክክል ፈንገስ አይደለም፤ ዝምድናው ከቡናማ የባሕር አልጌዎች ጋር ይቀርባል። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የአየርላንድን ድንች አውድሞ ታላቁን ረሃብ ያስከተለው ይኸው በሽታ ነው። ከዚያችው አገር የመጣው ቪታ የተባለ ድርጅት ጨንቻ ውስጥ በድንች ልማት ላይ መሥራቱ የታሪክ አጋጣሚ ነው፤ ንጹሕ የዘር ድንች፣ የዘር ድንችን በብርሃን ውስጥ የሚያቆይ መጋዘን፣ እንዲሁም እንደ ጉደኔ ያሉ የተሻሻሉ ዝርያዎች ለአካባቢው ገበሬ እንዲደርሱ ረድቷል።

እስካሁን የተለመደው መልስ ኬሚካል ነው። ማንኮዜብና ሪዶሚል የደጋ ድንችና አትክልት አምራች ሁሉ የሚያውቃቸው ስሞች ናቸው። በትክክለኛው መጠንና ጊዜ ሲረጩ ይሠራሉ፤ ይህ መካድ የለበትም። ነገር ግን ሁለት ችግር አለባቸው። ሪዶሚል ውስጥ ያለውን ሜታላክሲል የለመደ የድንች በሽታ እ.ኤ.አ. በ1980 አየርላንድና ኔዘርላንድስ ውስጥ ታየ፣ ከዚያም በብዙ አገሮች ተስፋፋ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ማንኮዜብ በሰው የመራቢያ ጤናና በሆርሞን ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት ፈቃዱን ሳያድስ ቀረ። ከቤት ደጃፍ በሚበቅልና ልጆች በሚመላለሱበት ጓሮ ውስጥ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ለመከላከያ ከሚያገለግሉት ባክቴሪያዎች በይበልጥ የሚታወቀው ባሲለስ ሰብቲሊስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1835 ክርስቲያን ኤረንበርግ በሌላ ስም መዘገበው፤ በ1872 ፈርዲናንድ ኮን የዛሬ ስሙን ሰጠው። በድርቆሽ ላይ በብዛት ስለሚገኝ የድርቆሽ ባሲለስም ይባላል። ኮን በ1876 እንዳሳየው ይህ ባክቴሪያ ምግብ ሲያጣ ወይም ሲደርቅ ራሱን በጠንካራ ሽፋን ጠቅልሎ ይተኛል፤ በዚያ ሁኔታ እያለ የፈላ ውሃ እንኳ በቀላሉ አይገድለውም። ለገበያ የተመቸውም በዚሁ ጠባዩ ነው፦ ደርቆ በፓኬት ይታሸጋል፣ ከመደርደሪያ ላይ ለወራት ይቆያል፣ ውሃና ምግብ ሲያገኝ ይነቃል። አውስትራሊያ ውስጥ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በችግኝ ላይ ተሞክሯል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከኮክ እርሻ አፈር የተለየው ኪው ኤስ ቲ 713 የተባለው ዓይነት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ሴሬናድ በሚል ስም ለገበያ ቀርቧል፤ ዘመናዊው የዘረ መል ምርመራ ይህን ዓይነት ባሲለስ ቬሌዜንሲስ ወደሚባለው የቅርብ ዘመዱ አዛውሮታል።

ባሲለስ በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም የሚከላከለው። ከሥር የሚወጣውን ስኳርና አሲድ እየተመገበ ሥሩን በስስ ሽፋን ይለብጠዋል፤ ዘግይቶ የሚመጣው ፈንገስ የሚበላውም የሚጣበቅበትም ያጣል። ኢቱሪንና ፌንጊሲን የሚባሉ፣ ከስብና ከፕሮቲን ቁራጭ የተሠሩ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል፤ እነዚህ የፈንገሱን የሕዋስ ሽፋን እየበሱ በውስጡ ያለውን ያፈሱታል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ተክሉን ራሱን ማንቃቱ ነው። ባክቴሪያው ሥሩ ላይ ሲሰፍር ተክሉ ሳይታመም የመከላከያ ዝግጅቱን ይጀምራል፤ ኋላ ቅጠሉ ላይ ፈንገስ ሲያርፍ ምላሹ ፈጣንና ጠንካራ ይሆናል። ሥር ላይ የተደረገ ነገር ቅጠል ላይ ውጤት ማሳየቱ ብዙ ገበሬ በቀላሉ የሚቀበለው አይደለም፤ በተደጋጋሚ ጥናት የተረጋገጠ እውነታ ግን ነው።

ሌላው ወገን ፕሴዶሞናስ ፍሎረሰንስ ነው። ይህ ባክቴሪያ ብረትን ከአፈር የሚለቅም ቢጫ አረንጓዴ ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ብረቱን ቀድሞ ስለሚወስድ ፈንገሱ ይራባል። አንዳንዶቹ ዓይነቶች ፈንገስ ገዳይ ንጥረ ነገርም ይሠራሉ። በአሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛት ስንዴ ለብዙ ዓመታት በተከታታይ በተዘራባቸው ማሳዎች ሥር አበስብስ በሽታ መጀመሪያ ከተባባሰ በኋላ በራሱ ጊዜ እየቀነሰ መምጣቱ ተስተውሏል። ምክንያቱ ሲጠና በስንዴው ሥር ላይ የበዙት እነዚሁ ፕሴዶሞናሶች ሆነው ተገኙ። ለጨንቻ የፕሴዶሞናስ ትልቁ ብልጫ ቅዝቃዜን መቻሉ ነው። ባሲለስ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ይፋጠናል፣ ከ15 ዲግሪ በታች ይዘገያል፤ ፕሴዶሞናስ ፍሎረሰንስ ግን ወደ 5 ዲግሪ በሚጠጋ ቅዝቃዜ ውስጥም ማደግ ይችላል። ጉድለቱ ደግሞ እንደ ባሲለስ ጠንካራ ሽፋን ሠርቶ አለመተኛቱ ነው። ስለዚህ ምርቱ ቶሎ ይሞታል፤ ቀዝቃዛ ማስቀመጫና አጭር የመጓጓዣ ጊዜ ይፈልጋል። ሦስተኛ ወገን የሆኑት ስትሬፕቶማይሲሶች የእርጥብ አፈርን የታወቀ ሽታ የሚሰጡ ናቸው፤ ከፊንላንድ የረግረግ አፈር የተገኘ አንድ ዓይነት ማይኮስቶፕ በሚል ስም ለችግኝና ለሥር በሽታዎች ይሸጣል።

ባክቴሪያን ለጥቅም ማሠራት ለጋሞ ደጋ እንግዳ ነገር አይደለም። እናቶች የተፋቀውን እንሰት በቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ አብላልተው ቆጮ ሲያደርጉ ሥራውን የሚሠሩት ሉኮኖስቶክና ላክቶባሲለስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ የሚያመነጩት አሲድ ቆጮውን ከሚያበላሹ ተሕዋስያን ይጠብቀዋል። በቤቱ ዙሪያ ያለው የእንሰት መሬትም የዚህ ዕውቀት ሌላ ገጽ ነው። ፍግ፣ አመድና የቤት ጥራጊ ለዘመናት ስለሚደፋበት ከሩቁ ማሳ ይልቅ ጥቁርና ለም ነው። የጋሞ ደጋ አፈር በብዛት አሲዳማ ነው፤ አሲዳማ አፈር ደግሞ ከፈንገስ ይልቅ ባክቴሪያን ይጎዳል። በደንብ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ እንደ ሁኔታውም ኖራ፣ የአፈሩን አሲድነት አብርዶ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ይመግባል። ከፓኬት የወጣ ባክቴሪያ በተራቆተና አሲዳማ በሆነ መሬት ላይ ቢበተን የሚበላው አጥቶ ይሞታል። ገንዘቡን በፓኬት ላይ ከማውጣቱ በፊት አትክልተኛው የአፈሩን ጉዳይ ቢያስቀድም ይሻላል።

አጠቃቀሙ እንደ ሰብሉ ይለያያል፤ ጥሩ ውጤት የሚገኘው ግን ከመደብና ከዘር ነው። ቦታው ጠባብ፣ የሚፈለገው መጠን ትንሽ፣ ባክቴሪያውም ሥሩን ገና ከመነሻው የሚይዝበት ጊዜ ነውና። ዘሩ ከመዘራቱ በፊት በባክቴሪያው ይታሻል፣ ወይም መደቡ በውሃ የተበጠበጠውን ባክቴሪያ እንዲጠጣ ይደረጋል፤ የጎመን ችግኝ ወደ ማሳ ሲዛወር ሥሩ ብጥብጡ ውስጥ ተነክሮ ይተከላል። ነጭ ሽንኩርት ከመተከሉ በፊት መንከር በሌሎች አገሮች ተሞክሯል፤ ካናዳ ውስጥ ባሲለስ የሽንኩርት ነጭ አበስብስን እንደቀነሰ የሚያሳይ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1980 ታትሟል። ሆኖም እንክብሎቹ በሞሉበት መሬት ላይ ባክቴሪያ ብቻውን ነጭ ሽንኩርትን አያድንም። እዚያ መሬት ላይ የሚያዋጣው ለብዙ ዓመታት ሽንኩርት ነክ ነገር አለመትከል፣ ከታመመ ማሳ ዘር አለመውሰድና አፈሩን በእግርም በዶማም ወደ ጤነኛው ማሳ አለማጓጓዝ ነው።

ቅጠል ላይ የሚረጨው ደግሞ በሽታው ከመታየቱ በፊት ይጀመራል፤ ዝናብ ሲያጥበውና አዲስ ቅጠል ሲወጣም፣ እንደ ምርቱ መመሪያ፣ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ወይም በ10 ቀን ልዩነት ይደገማል። የፀሐይ ጨረር ባክቴሪያን ስለሚገድል የሚመረጠው ሰዓት ወደ ማታ ወይም ደመናማ ቀን ነው። መርጫው ቀድሞ ኮፐር ወይም ሌላ ኬሚካል ከተረጨበት በደንብ መታጠብ አለበት። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ክፍት ሆኖ ማደር ይኖርበታል፤ የምንጭና የዝናብ ውሃ ግን ይህ አያስፈልገውም። ለአፕል እከክ ባሲለስ መጠነኛ እገዛ ያደርጋል፤ የወደቀውን ቅጠል ጠርጎ ሳይቀብሩ ወይም ሳያቃጥሉ፣ ቅርንጫፉን ለአየርና ለብርሃን ሳይገርዙ ግን ርጭቱ ብዙ አይራመድም። ለአመዳይና ቦትራይተስ ለሚያመጣው ሻጋታ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ለድንች ምች ግን ዋና መከላከያ ይሆናል ብሎ መናገር አይቻልም። በሽታው በተመቸው አየር ከባክቴሪያው ስለሚቀድም ተቋቋሚ ዝርያ፣ ንጹሕ ዘርና በወቅቱ የተደረገ ርጭት ቦታቸውን አይለቁም።

ቅጠሉ ከጠቆረ፣ ችግኙ ከወደቀ በኋላ ባክቴሪያ መርጨት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ዓይነት ነው። ባክቴሪያው ቦታ ለመያዝና ለመባዛት ቀናት ይፈልጋል፤ ፈንገሱ ደግሞ ያኔ ከቅጠሉ ውስጥ ገብቷል። ብዙዎች ይህ ነገር አይሠራም ብለው የሚተዉት በዚህ ምክንያት ነው። በኬሚካል የለመዱትን ፈጣን ለውጥ ይጠብቃሉ፤ የባክቴሪያ ውጤት ግን ያልመጣ በሽታ ስለሆነ ለዓይን አይታይም። ሥራውን ለማወቅ አንድ መስመር ወይም አንድ ጥግ ሳይረጩ ትቶ ማነጻጸር ይገባል።

ሁሉም ባክቴሪያ ወዳጅ አይደለም። የእንሰት አጠውልግ መንስኤው ዛንቶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ በሽታውን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንስ ጽሑፍ አስታውቀዋል። የሚዛመተው በዋናነት በቢላና በመፋቂያ መሣሪያ ስለሆነ መሣሪያን በእሳት መለብለብና የታመመውን ነቅሎ መቅበር ዛሬም የሚተካ የለውም። የድንች አጠውልግም እንዲሁ በባክቴሪያ የሚመጣ ነው። የፈንገስ መድኃኒት ለሁለቱም አይሠራም። በሌላ በኩል ለባቄላና ለአተር የሚሰጠው ባዮ ማዳበሪያ ሪዞቢየም የሚባል ጠቃሚ ባክቴሪያ ቢይዝም ሥራው ናይትሮጅንን ከአየር መያዝ ነው። ባቄላን ከቸኮሌት ነጠብጣብ ይጠብቃል ተብሎ ሊገዛ አይገባም።

ፍግ በውሃ በጥብጦ አብላልቶ ቅጠል ላይ የመርጨት ልማድ በአንዳንድ አገሮች ተስፋፍቷል። በውስጡ ጠቃሚ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን የትኛው ምን ያህል እንደሆነ አይታወቅም፣ ሆድ የሚያሳምሙ ተሕዋስያንም አብረው ሊባዙ ይችላሉ። ጥሬ በሚበላ አትክልት ላይ መርጨት አደገኛ ነው። ፍግ በደንብ በስሎ ለአፈር ቢሰጥ ይበልጥ ይጠቅማል። የታሸገ ምርት የሚገዛም ሰው ስለ ባክቴሪያው ስም፣ ስለሚያበቃበት ቀንና ስለ አቀማመጡ ይጠይቅ። በፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ፀረ ተባይ ከመሸጡ በፊት መመዝገብ አለበት፤ ስሙ የሌለበት ጠርሙስ ምንም ያህል ቢወደስ ገንዘብ አይገባውም።

በኢትዮጵያ በዘርፉ የተደረገው ምርምር ተስፋ የሚሰጥ ነው። ድሪባ ሙለታ፣ ፋሲል አሰፋና ኡልፍ ግራንሃል እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ከኢትዮጵያ ቡና ሥር ከተወሰዱት ባክቴሪያዎች መካከል ቡናን የሚያደርቀውን ፉዛሪየም በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ የሚገቱ ፕሴዶሞናስና ባሲለስ አግኝተዋል። በዚያው ዓመት ፍቅሬ ለሜሳና ቮልፍጋንግ ዘለር የድንች አጠውልግ የሚያመጣውን ባክቴሪያ የሚከላከሉ የሥር ባክቴሪያዎችን ከአገር ውስጥ አፈር መርጠው አሳይተዋል። ሳህን ላይ ያሸነፈ ሁሉ ማሳ ላይ አያሸንፍም፤ ይሁንና ወዳጅ ባክቴሪያ በአገራችን አፈር ውስጥ መኖሩ ተረጋግጧል።

ለጨንቻ የሚያዋጣው መንገድም ከዚሁ ይነሳል። ሞቃት አገር ተመርጦ በፓኬት የሚመጣ ባሲለስ በጋሞ ደጋ ቅዝቃዜና አሲዳማ አፈር ሙሉ ጉልበቱን አያሳይም። በትውልድ ፍግ ከለማው የእንሰት መሬት ውስጥ ግን ቅዝቃዜውንም አፈሩንም የለመዱ ፕሴዶሞናሶች ሊገኙ ይችላሉ። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲና የአርባ ምንጭ ግብርና ምርምር ማዕከል ቅርብ ናቸው። ከጨንቻ እንሰትና ነጭ ሽንኩርት ሥር ናሙና ወስደው፣ ነጭ አበስብስንና የችግኝ አበስብስን የሚገቱትን ለይተው፣ በገበሬው ማሳ ላይ ካልተረጨ መስመር ጎን ለጎን ቢሞክሩት ለአካባቢው የሚበጅ መከላከያ በቅርብ ሊገኝ ይችላል። እስከዚያው ባለ ጓሮው ከችግኝ መደቡና ከዘሩ ይጀምር።